ግራ ዟሪዋ ቀንድ አውጣ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዛጎል በመሣል ኖሬያለሁ። ሥራዬን ለሰው ስነግረው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ከዚያስ?» ይለኛል። ከዚያማ ሌላ ዛጎል። የምሠራበት ሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ መቶ ሰማንያ መሳቢያ አለ። በየመሳቢያው የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎሎች በጥጥ ተጠቅልለው ተኝተዋል። እኔ አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ በማጉያ እያየሁ፣ በቀጭን ብዕር ወረቀት ላይ አሰፍራቸዋለሁ። «ካሜራ አይበቃም ወይ?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። አይበቃም! ካሜራ አቧራውንም ጥላውንም እኩል ያያል፤ እኔ ግን የትኛው ጭረት የዛጎሉ፣ የትኛው የመንገድ እንደሆነ ለይቼ አውቃለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው። የምኮራበት ነገር ካለኝ ለምን እሸሽገዋለሁ?

ስለ ዛጎል አንድ ነገር ካላወቃችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ቀንድ አውጣዋን ጫፏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ብትይዟት አፏ በቀኝ በኩል ይሆናል። ቤቷን ስትሠራ ወደ ቀኝ እየዞረች ነው የምትሠራው። እናቷም፣ አያቷም፣ ጎረቤቷም እንደዚያው። አልፎ አልፎ፣ ከስንት ሺህ አንዴ፣ ወደ ግራ የምትዞር ትገኛለች። የእኛ ሙያ ሰው እንዲህ ያለችውን ሳያገኝ ጡረታ ይወጣል።

አባባ አገኛት። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ጀልባው ላይ ካልተቀመጠ ግን አሁንም ምሳ አይወርድለትም። መንጠቆው ላይ የሚሰካውን ሥጋ የሚያወጣው ከትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክራቸዋል፤ ከዚያ መርፌ ሰክቶ እጁን ጠምዘዝ ሲያደርግ ሥጋው እንደተጠቀለለ ይወጣል። ስልሳ ዓመት በአንድ አቅጣጫ የጠመዘዘ እጅ ነው። ያን ቀን አንዷ እምቢ አለችው።

«መርፌው አልታዘዘኝም» አለኝ በስልክ። «ዓይኔ ከማየቱ በፊት እጄ ነው ያወቀው። ይቺ ልጅ ወደ ሌላ ነው የምትዞረው።»

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጣ። በክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኝቷታል። ብትበዛ የባቄላ ፍሬ ብታህል ነው፤ ቡናማ ናት፤ ወገቧ ላይ ሦስት ነጭ መስመር አለ። አፏ በግራ በኩል ነው። ጮህኩ። አባባ አንገቱን ሰበር አድርጎ «መጽሐፉ ላይ ትወጣለች?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። እኔም ያለ ማመንታት «ትወጣለች» አልኩት። አራት ቀን ቁጭ ብዬ ሣልኳት፤ ከዚያ ከነሥጋዋ ለጠርሙስ ክፍሉ አስረከብኳት። ይህ ከሆነ ዐሥር ወሩ ነው።

መጽሐፉ የክፍላችን ኃላፊ መጽሐፍ ነው። ስምንት ዓመት ፈጅቷል፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስዕል አለው፤ ሁሉንም የሣልኩት እኔ ነኝ። ኃላፊውን ከኋላው «ዶክተር እርግጥ» እንለዋለን፤ «እርግጥ ነው» ሳይል ዓረፍተ ነገር መጀመር አይችልም። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ «እሱ» ይበቃዋል።

ሐሙስ ጠዋት የማረሚያ ቅጂው ከማተሚያ ቤት መጣ። በእኛ ቤት የቆየ ልማድ አለ፤ ከእያንዳንዱ ስዕል ሥር ትንሽ አራት ማዕዘን ትታተማለች፤ ሠዓሊዋ ስዕሉ ልክ መሆኑን አይታ እዚያ ውስጥ ትፈርማለች። ካልፈረመች አይታተምም። ሻይዬን አጠገቤ አድርጌ ስፈርም፣ ስፈርም፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባተኛው ላይ ደረስኩ።

አፏ በቀኝ በኩል ነው።

መጀመሪያ ያበድኩ መሰለኝ። ወረቀቱን አዟዟርኩት። ከዚያ ተነስቼ መስኮቱ ላይ ለጥፌ ከጀርባው በብርሃን አየሁት፤ የእኔዋ ቀንድ አውጣ ከጀርባ በኩል ቁጭ ብላለች! ገልብጠዋታል። ከሥሯ የማስቀምጣትን ትንሽ የፊደል ምልክቴን ደግሞ ፍቀው አጥፍተዋታል፤ ስዕል ሲገለበጥ ፊደሉ እንደሚያሳብቅ አስበውበታል ማለት ነው። በስህተት የተገለበጠ ስዕል ፊደሉ አብሮ ይገለበጣል እንጂ አይጠፋም። ደሜ ፈላ። ሻዩንም ሳልጠጣው ወጣሁ።

ዶክተር እርግጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ የመጽሐፉን መግቢያ ያርማል።

«ዶክተር፣ ስዕሌ ተገልብጧል።»

«እርግጥ ነው» አለ ቀና ሳይል፣ «ተስተካክሏል ነው የሚባለው። ለአታሚዋ እኔ ነኝ የነገርኳት።»

«ምኑ ነው የተስተካከለው? ቀንድ አውጣዋ ግራ ዟሪ ናት!»

አሁን ቀና አለ። መነጽሩን አውልቆ በክራባቱ ጫፍ ጠረገው። «ሰባቱን ረሳሻቸው?»

አልረሳኋቸውም። እንድረሳቸው መቼ ፈቅዶልኝ! እኛ ስንሥል ማጉያው ላይ መስተዋት እንገጥማለን፤ መስተዋቱ የዛጎሏን ምስል ወረቀቱ ላይ ይጥልልናል፤ እኛ ዙሪያውን እንከተላለን። መስተዋቱ በግልባጭ ከተገጠመ ቀኙ ግራ ይሆናል። የእኛ ሰፈር ስህተት ይህ ነው፤ ሌላ ሠዓሊ አይሳሳተውም፤ ሌላ ሰው ቢያየውም አይገባውም። በመጀመሪያው ዓመቴ ሰባት ዛጎል በግልባጭ ሣልኩ። አንድ ሳምንት አለቀስኩ፤ ሰባቱንም እንደገና ሠራኋቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም አልተሳሳትኩም። እሱ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰባቱን እንደ ፍሬን ይረግጣቸዋል።

«ያኔ ጀማሪ ነበርኩ። ይቺን በመስተዋቱም ያለ መስተዋቱም አይቻታለሁ። አባቴም በእጁ አውቋታል።»

«እርግጥ ነው፣ አባትሽ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሳይንስ ግን በመርፌ አይሠራም። ደግሞም ግራኝ ነሽ፤ እጅሽ ወደ ለመደው ይሄዳል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። አሁን ለእኔ ማዘኑ ነው። «ዓይንሽን ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው። ለአስተዳደርም ጽፌያለሁ። መሳቢያ ላይ ስም የሚለጥፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ቀላል ሥራ ነው፤ አያደክምሽም።»

ግራኝነቴን ሲነካብኝ መታገሥ አልችልም። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪዋ ግራ እጄን በሻሽ ከወንበሩ ጋር ታስረው ነበር። አባባ ሰማ፤ ከባሕር እንደወጣ፣ ቦት ጫማው ውሃ እያንጠባጠበ ክፍል ገባና «እጇን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቅሬታ ያለው ለእኔ ያቅርብ» አላት። ከዚያ በኋላ የነካኝ የለም። በቀኝ መጻፍ ለምጃለሁ፤ የምሥለው ግን በግራዬ ነው። የዚህን ሰውዬ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስዕልም የሠራለት ይኸው ግራ እጅ ነው።

«አልፈርምም» አልኩት።

«ካልፈረምሽ ሌላ ሰው ይፈርማል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«ወረቀቱንም እኔ ነኝ የሣልኩበት። ዛጎሏ ትምጣና እንያት!»

ይህን እምቢ ሊል አይችልም፤ እምቢ ካለ ሳይንሱ የት ሄደ? ጋሽ ጠርሙስን አስጠራው። ጋሽ ጠርሙስ የጠርሙስ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የሞተ ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ለዓሣው፣ ለሸርጣኑ፣ ለቀንድ አውጣው በየስማቸው ሰላምታ ይሰጣል፤ ከሕያዋን ጋር ግን ብዙም አይግባባም። ትንሿን ጠርሙስ በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«እኔ ምን አባቴ ልሁን» አለ።

ጠርሙሱ ውስጥ ዛጎል የለም። ታች ላይ ነጭ ዝቃጭና የተኮማተረች ግራጫ ነገር ብቻ። ዛጎል ያለበት ነገር አልኮል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በዚያ ሳምንት አልኮል አልቆበት፣ እስኪመጣ ድረስ ብሎ ፎርማሊን የሚባል ሌላ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ አስገባት፤ ከዚያ ረሳት። ፎርማሊን ትንሽ የኖራ ዱቄት ካልተጨመረበት እየቆየ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠ ነገር ደግሞ ዛጎል ይበላል። ዐሥር ወር ሙሉ ቀስ እያለ በልቷታል። ቡናማዋም፣ ሦስቱም ነጭ መስመሮች፣ በግራ በኩል የነበረው አፏም ሟሙተው ሄደዋል።

ዶክተር እርግጥ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና አስቀመጠው። «እርግጥ ነው፣ ያሳዝናል። ማስረጃ የለም ማለት ነው። ማተሚያው ነገ ጠዋት ይጀምራል፤ አታሚዋ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ፈርመሽ ጠብቂኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ጠርሙስ ጠርሙሱን እጄ ላይ አደረገው። ሊያጽናናኝ ፈለገ። «አይዞሽ እህቴ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ጋሼ፣ እያደር የሚሆን ጊዜ የለኝም። ማተሚያው ነገ ጠዋት ነው!» አልኩት። ሰውዬው ምን አጠፋ? ቢያጠፋም እንደኔ ደንግጧል። ግን ያን ሰዓት ለማንም አንጀት አልነበረኝም።

ክፍሌ ገብቼ ለአባባ ደወልኩ። ልዋሸው አስቤ ነበር፤ «ስዕሉ ተበላሽቶ ቀረ» ልለው። ድምፁን ስሰማ አልቻልኩም። የተገለበጠውንም፣ የዓይኔንም ነገር፣ የሟሟውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ከኋላው የጀልባ ሞተር ያጉረመርማል።

«ቤቷ ጠፋ?» አለኝ።

«ጠፋ፣ አባባ።»

«እሷስ?»

«እሷ ማን?»

«ልጅቷ ናታ! ስልሳ ዓመት ሥጋ ሳወጣ አንድም ቀጥ ብላ የወጣች አይቼ አላውቅም። ቤቱን ብትሰብሪውም፣ እሷ እንደዞረች ናት። ሂጂና እያት እንጂ ምን ያስለቅስሻል?»

«አላለቅስም።»

«ይሰማኛል» አለና ዘጋው።

ስልኩን አስቀምጬ ጠርሙሱን አየሁ። እኛ የዛጎል ሰዎች ነን። ሦስት የተማርን ሰዎች አንድ ጠርሙስ ከብበን ቆመን «ምንም የለም» አልን፤ ሥጋዋ እዚያው ተኝታ። ለእኛ ሥጋ ማለት ዛጎሉን ለማጽዳት ተፈልቅቆ የሚጣል ነገር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ቤቱን ስሥል አንድ ቀን ባለቤቷን በቅጡ አይቻት አላውቅም። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

በሩን ዘጋሁ። ከጠርሙሱ ወደ ነጭ ሳህን ቀስ አድርጌ አፈሰስኳት። ማጉያውን ከነመስተዋቱ ገፍቼ ከጠረጴዛው አራቅኩት፤ መስተዋት የሚባል ነገር በአጠገቧ እንዳያልፍ። በቀጭን ብሩሽ ጫፏን ወደ ላይ አደረግኳት። ጎንበስ ብዬ አየኋት።

ራቁቷን ናት። ልብስ የሌላት፣ አመድ የመሰለች፣ ጥፍሬን የማታህል። ግን ሦስት ጊዜ ተጠምዝዛለች፤ ቀጭኗ ጫፍ ከላይ ነው፣ ሰፊው ራሷ ከታች፤ ወደ ግራ። ዐሥር ወር አሲድ ውስጥ ተቀምጣ፣ ቤቷ ላይዋ ላይ ሟሙቶ፣ አንዲት ፀጉር ታህል እንኳ አልተቃናችም። ሳቅኩ። ብቻዬን፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሰው ከሰማም ‹አብዳለች› ይበል ብዬ ሳቅኩ።

ሳህኑን ይዤ የዶክተር እርግጥን በር ሳላንኳኳ ገባሁ። አታሚዋ ደርሳለች፤ ጥፍሮቿ ውስጥ ቀለም የገባ፣ ቀልድ የማታውቅ የምትመስል ሴትዮ ናት። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ የማረሚያ ቅጂዎቹን ዘርግተዋል። ሳህኑን ቅጂዎቹ ላይ፣ ልክ ከፊቱ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ባለቤቷ ናት። ቤቷን በልታችሁባታል፤ እሷ ግን አለች።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቅጂው ይረጥባል!»

«ይርጠብ። መስተዋት የለም፤ ግራኝ እጅም አልሣላትም። ዓይንዎ ጤነኛ ነው አይደል? ይዩዋት።»

ሊከራከር አፉን ከፈተ። እኔ ግን የእጅ መነጽሬን አውጥቼ ያዝኩለት፤ አታሚዋም ልታይ አንገቷን ስታሰግግ ጊዜ መጎንበስ ግድ ሆነበት። ጎነበሰ። ብዙ ቆየ። ዛጎል ከማንም በላይ ያውቃል፣ ይህን አልክድም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃው ነበር። እሱ ግን ቀና ማለት ነው የፈራው።

«አስከሬኗም ይከራከራል» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ሳህኑ እያየ።

«እንግዲህ አሁን አወቁ።»

«አሁን አይደለም።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ያረጀ የመሰለኝ። «የክብሪት ቀፎውን ይዘሽ የገባሽ ቀን አይቻታለሁ። ቀፎውን ስትከፍቺ ከኋላሽ ነበርኩ።»

 የዶክተርን አለማወቅ ለመርታት ነበር የመጣሁት፤ ለዚህ አልተዘጋጀሁም።

«ካዩ ለምን?»

«‹የዚህ ዘር ቀንድ አውጣዎች በባሕራችን ሁሉም ወደ ቀኝ ይዞራሉ› ብዬ ጽፌያለሁ። እዚህ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ባሉት ሦስት መጻሕፍትም። ሰው አንብቦ አምኖኛል። በዚህ ዕድሜዬ ባቄላ ከምታህል ነገር ጋር ግብግብ ልግጠም? አንዷ ብትቀር ማን ይጎዳል ብዬ ነው።»

«እኔ እጎዳለሁ!» ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ሄደ። «እኔ እጎዳለሁ። ዓይኔ ታሟል ብለው ጻፉብኝ። ሙሉ በሙሉ እያየሁ እንደማላይ ሊያሳምኑኝ! አንድ ሳምንት ቢጨመር አምን ነበር። አባቴን ‹ስዕሉ ተበላሽቶ ቀረ› ብዬ ልዋሸው ስልክ አንስቼ ነበር፤ ያን ሽማግሌ!»

«ደብዳቤውን አነሳዋለሁ» አለ። «ስዕሏንም እናውጣት። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ባዶ ይሁን። ማንም አይዋሽ፣ ማንም አይዋረድ።»

ለደከመ ሰው ጥሩ መውጫ ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት ቢያቀርብልኝ ምናልባት አመስግኜ እወጣ ነበር። አሁን ግን ሳህኑ ላይ ያለችውን እያየሁ ያን ያህል ትንሽ መሆን አቃተኝ።

«አትወጣም። እሷ ከወጣች ሌሎቹንም አልፈርምም፤ የፈረምኩትንም እሰርዛለሁ። ደብዳቤውም ይቆይ፤ ከፈለጉ ዓይኗ ጠፍቷል ብለው ሌላ ይጨምሩ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ምን እንዳዩ ይናገሩ።»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«ለእኔ አይደለም። እኔማ አውቀዋለሁ። ለእሷ ይንገሯት።» ወደ አታሚዋ አመለከትኩ። «‹አስተካክዪው› ብለው ያሳሳቷት እሷን ነው።»

አታሚዋ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። 

«ወደ ግራ» አለ።

«አልተሰማም።»

ፊቱ ቀላ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ከዚያ እንደ ተማሪ ተነስቶ ቆመ። ለምን እንደቆመ እስካሁን አላውቅም። «ወደ ግራ ነው የምትዞረው። ስዕሉ ትክክል ነበር። እኔ ነኝ ያስገለበጥኩት።»

አታሚዋ ከኪሷ ስልኳን አወጣች። ወረቀቱን ወደ ራሷ ጎትታ ቁጥሩን አነበበች፤ ሳህኑን ግን በጥንቃቄ በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው።

«አሎ፣ እኔ ነኝ። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባትን አውጡና እንደ መጀመሪያዋ መልሷት። አዎ፣ ወደ ግራ። የፊደል ምልክቷንም መልሱ።» ትንሽ አዳመጠች፤ ትዕግሥቷ ሲያልቅ ከፊቷ ታየኝ። «አይ፣ ስህተት አይደለም አልኩህ። እንደዚያ ሆና ነው የተወለደችው።»